ስለ ርካሽ ግዢና ስለ ጥድፊያ

ሰው አንድን ዕቃ ከተለመደው ዋጋው በታች በገዛ ጊዜ አተረፈ ይባላል። ነጋዴ ሸጦ ያተርፋል፤ ገዢም ገዝቶ ያተርፋል ማለት ነው። አነጋገሩ የተለመደ ስለ ሆነ እውነትነቱን የሚመረምር ሰው ብዙ አይገኝም፤ እኔም ብዙ ዘመን ሳልመረምረው ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ የሚኖር አንድ የተማሪ ቤት ወዳጄን ለመጠየቅ ሄጄ ሳለሁ ያየሁት ነገር፣ ገዢ አተረፈ የሚባለው በውነቱ መቼ ነው፤ ያተረፈውስ ምንድን ነው ብዬ እንድጠይቅ አስገደደኝ።

ወዳጄ ደባርቅ አጠገብ ተወልዶ፣ የሰሜንን ተራራዎች ከቤቱ ደጃፍ እያየ በእረኝነት ያደገ ሰው ነው። አሁን በዴንቨር የሌሊት ሥራ እየሠራ ይተዳደራል። በደረስሁ በማግስቱ የመኪናውን ማደሪያ ክፍል ከፍቶ አሳየኝ። መኪናው ግን በውስጡ አልነበረም፤ ውጭ በበረዶ ላይ ያድራል። ክፍሉን የያዙት ሦስት ድንኳኖች፣ አምስት የመኝታ ከረጢቶች፣ ከላባ የተሠሩ የብርድና ውሃ የማያስገቡ የዝናብ ጃኬቶች፣ የተራራ ጫማዎች፣ የጀርባ ሻንጣዎች፣ በትንሽ ጋዝ የሚነዱ ምድጃዎች፣ እየተሳቡ የሚረዝሙ የአሉሚኒየም ምርኩዞች ነበሩ። ከነዚህ ዕቃዎች የሚበዙት የዋጋ ወረቀታቸው ገና አልተነሣላቸውም።

«ይህ ድንኳን 450 ዶላር ነበር፤ በ180 አገኘሁት» አለኝ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ እያነሣ መጀመሪያ የነበረውን ዋጋና እሱ የከፈለውን ነገረኝ። «እንግዲያው በጠቅላላው ስንት አተረፍህ?» ብዬ በቀልድ ብጠይቀው፣ ስልኩን አውጥቶ ከልቡ ይደምር ጀመር። የ9,000 ዶላር ዕቃ በ3,700 ዶላር ገዝቶ 5,300 ዶላር አትርፎ ተገኘ። «የትኛውን ተራራ ወጣህባቸው?» አልሁት። ለዚህ መልስ አልነበረውም። ዴንቨር ማለት ግን ተራራ የራቃት ከተማ አይደለችም። ኮሎራዶ ከፍታቸው ከ4,267 ሜትር የሚበልጥ ከ50 በላይ ተራራዎች ያሉበት ግዛት ነው፤ ከሁሉ የሚረዝመው ኤልበርት የተባለው 4,401 ሜትር ነው። ወዳጄ በመስኮቱ አሻግሮ ሰንሰለቱን በየቀኑ ያየዋል።

በውነቱ ዕቃው የተገዛው ለኮሎራዶ አልነበረም። አባቱ በየዓመቱ ለእንቍጣጣሽ ሲደውልላቸው፣ «ጉልበቴ ሳይደክም ና፤ ግጭ ድረስ አብረን እንውጣ» ይሉት ነበር። አባትዬው በጕልማስነታቸው የበቅሎ ጫኝ ሆነው የውጭ አገር ሰዎችን በዚያ መንገድ ያመላለሱ ስለ ሆኑ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከገዛ ልጃቸው ጋር ሊሄዱበት ይመኙ ነበር። የመጀመሪያው ድንኳን የተገዛው ለዚያ ጉዞ ነው። እኔ በጐበኘሁት ጊዜ ድንኳኑ ከተገዛ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን ስለ ሽያጩ ዐይነት ጥቂት ልናገር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በፈረንሳይ አገር ዣክ አንትዋን ግራንዦን የተባለ፣ ፋብሪካዎች ሳይሸጥላቸው የቀረውን ልብስ ሰብስቦ በመሸጥ ሥራ የኖረ ነጋዴ፣ በ2001 ከሸሪኮቹ ጋር ቫንት ፕሪቬ የተባለ የኢንተርኔት ገበያ አቋቋመ። ገበያው ለተመዘገቡ አባሎች ብቻ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ የታወቁ ፋብሪካዎችን ትርፍ ዕቃ በጣም በቀነሰ ዋጋ የሚያቀርብ ነበር። በ2004 ደግሞ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ዉት የተባለው ድረ ገጽ በቀን አንድ ዕቃ ብቻ በእኩለ ሌሊት እያወጣ መሸጥ ጀመረ፤ ይህ ዘዴ ስለ ቀናው በ2010 አማዞን ድርጅቱን ጠቅልሎ ገዛው። የተራራና የሜዳ ዕቃ ነጋዴዎችም ዘዴውን ፈጥነው ተቀበሉት። በ1996 በዩታ ግዛት የተመሠረተው ባክካንትሪ የተባለው መደብር፣ ስቲፕ ኤንድ ቺፕ የሚል ሌላ ገጽ ከፍቶ፣ አንዱ ዕቃ እስኪያልቅ ወይም የተወሰነለት ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ሳያሳይ ይሸጥ ነበር። ስሙ በአማርኛ «ዳገትና ርካሽ» እንደ ማለት ነው። በገጹ ላይ ስንት ዕቃ እንደ ቀረና ስንት ደቂቃ እንደ ቀረ ይታይ ነበር፤ ቍጥሩ በዐይን ፊት እየቀነሰ ይሄድ ነበር። በ2009 በኦሪጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የተቋቋመው ዘ ክላይምብም በዚሁ መንገድ ሄደ።

የዚህ ሽያጭ መነሻ ነውር የለበትም። የልብስ ፋብሪካ የሚመጣውን የበረዶ ወራት ጃኬት ገና በበጋ ሳለ በግምት ማዘዝ ግድ ይሆንበታል። በረዶው ከዘገየ፣ ወይም ገዢው ከአረንጓዴው ይልቅ ሰማያዊውን ከወደደ፣ ዕቃው በመጋዘን ይቀራል። የመጋዘን ኪራይ አለ፤ የሚመጣው ዓመት አዲስ ቀለምም ቦታ ይፈልጋል። ያለፈው ዓመት ጃኬት ብርድን የመከላከል ኀይሉ አልቀነሰም፤ የቀነሰው አዲስነቱ ብቻ ነው። ፋብሪካው ዋጋውን በአደባባይ ቢቀንስ ትናንት በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ስለሚቀየም፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ገበያ ይስማማዋል። እንዲህ ሲሆን አስተዋይ ገዢ ለከንቱ አዲስነት ሳይከፍል መልካም ዕቃ ያገኛል። ለዚህ ሰው «አተረፈ» የሚለው ቃል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከተሰረዘው ቍጥር ነው። በዕቃው ሥዕል አጠገብ ሁለት ዋጋ ይጻፋል፤ አንዱ መስመር ተሰምሮበት የተሻረ፣ ሁለተኛው በቀይ የደመቀ። የተሻረው ዋጋ ማንም የማይከፍለው ስለ ሆነ ሥራ የለውም ሊባል ይቻላል። ሆኖም ከሁለቱ የበለጠ ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። በ1974 አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ እኛን አፍሪካውያንን በመጠኑ ፈገግ የሚያሰኝ አንድ ምርመራ አሳትመው ነበር። ሰዎችን ሰብስበው፣ ቍጥር የተጻፈበት መንኰራኵር በፊታቸው አዞሩ፤ መንኰራኵሩ ግን በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ እንዲቆም በስውር የተዘጋጀ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካሉት አባል አገሮች ከመቶ ስንቱ የአፍሪካ ናቸው ብለው ጠየቁአቸው። 10 ቍጥርን ያዩት ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ከመቶ፣ 65 ቍጥርን ያዩት 45 ከመቶ ሆነ። መንኰራኵሩ ስለ አፍሪካ ምንም እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃሉ፤ ሐሳባቸው ግን ከቆመበት ቍጥር ሊርቅ አልቻለም። 450 የሚለው ቍጥርም በወዳጄ ፊት እንደዚህ ያለ መንኰራኵር ነበር። ድንኳኑ ለሱ ስንት እንደሚጠቅመው ራሱን አልጠየቀም፤ 180 ከ450 ምን ያህል እንደሚያንስ ብቻ ጠየቀ።

ሕግ አውጪዎች ይህን ሳይመለከቱት አልቀሩም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1964 ጀምሮ ባለው መመሪያው፣ ቅናሹ እውነተኛ ይመስል ዘንድ ብቻ የተፈጠረ የቀድሞ ዋጋ ማሳየት ማታለል መሆኑን አስታውቋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣውና በ2022 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ ቀነስሁ የሚል ነጋዴ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ አዟል። ደንቡ መልካም ነው፤ ውሸተኛውን ነጋዴ ይይዘዋል። እውነተኛውን የተሻረ ዋጋ አይቶ ልቡ የሚነሣውን ገዢ ግን የሚይዝ ደንብ የለም።

እንዲያውም ገዢው መያዝ አይፈልግም። ጄ ሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የመደብሮች ድርጅት፣ በ2012 ሮን ጆንሰን በተባለ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መሪነት፣ የማያቋርጠውን ቅናሽና የቅናሽ ኩፖን ትቶ በመጀመሪያው ቀን ትክክለኛውን ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ ጀመረ። ይህ ሐቀኛ ሥራ ነበር፤ ሊመሰገንም ይገባው ነበር። የዚያ ዓመት ሽያጭ ግን ሩብ ያህል ወረደ፤ ሥራ አስኪያጁ በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ፤ ቅናሹም ተመለሰ። ከዚህ ነገር የምረዳው፣ ብዙ ገዢ የሚወደው ዝቅ ያለውን ዋጋ ሳይሆን ዋጋው ዝቅ ሲል ማየቱን መሆኑን ነው። ዕቃው ጃኬት ነው፤ የተገዛው ግን ድል ነው። ድል ደግሞ የሚጣፍጠው በዚያች ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌላ ድል፣ ማለት ሌላ ጃኬት፣ ያስፈልጋል።

ከዋጋው ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ የሰው ምርጫ ማለት ሰው በገዛ እጁ ስላለው ነገር ከራሱ ጋር ተማክሮ የሚደርስበት ፈቃድ መሆኑን ያስረዳል። ምክር የሌለበት ፈቃድ ከሕፃንና ከእንስሳ ፈቃድ አይለይም። እዚያው ላይ አንድ ምሳሌ ይሰጣል፤ ማዕበል የተነሣበት የመርከብ አለቃ፣ በደኅናው ቀን ከቶ የማያደርገውን፣ ጭነቱን አውጥቶ ወደ ባሕር ይጥላል። ይህ በግድ ነው ወይስ በፈቃድ ነው? ፈላስፋው ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው ብሎ ይመልሳል። የእኛ ዘመን የሽያጭ ጥበብ ግን ይህን ምሳሌ ገልብጦታል። «4 ደቂቃ ቀረ፤ 2 ዕቃ ቀረ» የሚለው ጽሑፍ ማዕበል ነው፤ ነገር ግን በሰው እጅ የተሠራ ማዕበል ነው፤ የሚያስገድደንም ጭነት እንድንጥል ሳይሆን እንድንጭን ነው። ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ መርከባችን እስከ ጠርዙ ሞልቶ እናገኘዋለን፤ የመኪና ማደሪያውም እንዲሁ።

እንግዲህ ገዢው ማዕበል አስገደደኝ ሊል ይችላልን? አይችልም ብዬ አስባለሁ። ስልኩን ዘግቶ የመተኛት ሥልጣን ነበረው። ይሁን እንጂ ጥፋቱን የምፈልገው በአራቱ ደቂቃ ውስጥ አይደለም። ያው አርስጣጣሊስ፣ በስካር ለሚያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበት ሕግ እንደ ነበረ ጠቅሶ፣ ሰካራሙ በሰከረበት ሰዓት አለማወቁ እውነት ቢሆንም አለመስከር ግን በእጁ ነበር ይላል። ወዳጄም በአራቱ ደቂቃ ውስጥ እንደ ሰከረ ሰው ነበር፤ አይፈረድበትም። የሚጠየቅበት ነገር፣ በየሌሊቱ በዕረፍት ሰዓቱ ያን ገጽ መክፈቱ ነው። ምንም ሳይፈልግ ከፍቶ፣ ዘግቶ ሲወጣ አንድ ነገር ሲፈልግ ይገኛል። ፍላጎቱ ከቤቱ አልመጣም፤ ከዚያው ተበድሮ ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ የራሳችን ገበያስ ከዚህ ይሻላልን ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው፤ የመርካቶ ነጋዴ ጻድቅ ነው ብዬ የምከራከር አይደለሁም። እሱም መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ መንኰራኵር ነው፤ «ከገዛሁበት በታች ነው የሰጠሁህ» ብሎ መማል ለሱ እንደ ሰላምታ ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ። በእኛ ገበያ የገዢው ትልቁ ክርክር ጀርባው ነው። ዋጋው ካልተስማማው ዞሮ መሄድ ይጀምራል፤ አሥር እርምጃ ሲራመድ «ና እንጂ፤ ስንት ጨመርህ?» የሚል ድምፅ ይከተለዋል። በነዚያ አሥር እርምጃዎች ውስጥ ሰውዬው ከራሱ ጋር ይማከራል፤ በውነቱ እፈልገዋለሁን፤ ሚስቴ ምን ትላለች፤ በኪሴ የቀረው ለምን ይበቃል እያለ ያስባል። የገጠር ሰውማ አሥር እርምጃ ብቻ ሳይሆን ስድስት ቀን አለው። የቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ጨውና ማረሻ እንደሚያስፈልገው ገና ከሰኞ ጀምሮ ያውቃል። የጥድፊያው ገበያ ያጠፋው እነዚህን አሥር እርምጃዎችና እነዚህን ስድስት ቀኖች ነው። እዚያ ጀርባውን ያዞረ ሰው የሚጠራው ድምፅ የለም፤ ሲመለስ ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህን ሁሉ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በድንኳኖቹ መካከል ቆሜ ለወዳጄ ብነግረው ተቈጣ። «አንተ የምትናገረው የዋጋውን ክብደት ሳታውቅ ነው» አለኝ። «በሙሉ ዋጋው ቢሆን እንደ እኔ ያለ የሌሊት ሠራተኛ ተራራ ላይ የሚታይ ይመስልሃል? ቅናሽ ባይኖር ይህ ዕቃ የሐኪምና የጠበቃ ብቻ ነበር። ርካሽ ስለ ሆነ ነውር አደረግኸው?»

ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልመለስሁትም። በርካሽ መግዛትን የሚነቅፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ዋጋ መግዛት የሚችሉ ናቸው። ፓታጎኒያ የተባለው የአሜሪካ ልብስ አምራች በኅዳር 25 ቀን 2011፣ ሕዝቡ ሁሉ ለቅናሽ በሚጋፋበት ዐርብ፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ የራሱን ጃኬት ሥዕል አውጥቶ «ይህን ጃኬት አትግዙ» የሚል ማስታወቂያ አሳተመ። አንዱን ጃኬት ለመሥራት 135 ሊትር ውሃ እንደሚጠፋና 9 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳዮክሳይድ ወደ አየር እንደሚወጣ ዘረዘረ። ደፋርና እውነተኛ ጽሑፍ ነበር። የድርጅቱ ሽያጭ ግን በሚቀጥለው ዓመት አልቀነሰም፤ አደገ። ትግስትን መስበክም ደኅና ደንበኛ ያመጣል ማለት ነው፤ ደንበኛውም በትግስቱ ላይ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ድኻው በቅናሽ ገዛ ተብሎ እንዲወቀስ አልፈቅድም።

ብርድም ተረት አይደለም። በሰሜን ተራራ ከ3,600 ሜትር በላይ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። እዚያ ጠመንጃ ይዘው መንገደኛ የሚጠብቁ ዘቦችና በቅሎ ጫኞች፣ ጋቢ ተከናንበው በኮንጎ ጫማ ሲሄዱ ያየ የውጭ አገር ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ያለ ዕቃ እንዴት ይኖራሉ እያለ ያደንቃል። አድናቆቱን ግን ሰዎቹ ራሳቸው አይካፈሉትም። መንገደኛው ሲመለስ ጃኬቱን ቢተውላቸው በደስታ ይቀበላሉ፤ ያቺም ጃኬት እስክትበጣጠስ ድረስ ትለበሳለች። የወዳጄ አምስት የመኝታ ከረጢቶች በዚያ ቢሆኑ ኖሮ አምስቱም በየሌሊቱ ሰው ያሞቁ ነበር። እንግዲህ ዕቃው ክፉ አይደለም፤ ርካሽነቱም ክፉ አይደለም። የቀረን ጥያቄ፣ መልካም ዕቃ በመልካም ዋጋ የገዛ መልካም ሰው ስለምን ከተራራው ራቀ የሚለው ብቻ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከወዳጄ ከራሱ አፍ ነው። ቍጣው ከበረደለት በኋላ፣ ሁለተኛውን ድንኳን ስለምን እንደ ገዛ ነገረኝ። በዚያ ዓመት ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ለአባቱ ተናግሮ ኖሮ፣ የሥራ ፈቃዱ ሳይሳካለት ቀረ። ባልሄደበት ሳምንት ከመጀመሪያው የቀለለ ድንኳን በግማሽ ዋጋ ወጣ። በገዛው ጊዜ ልቡ ዐረፈ፤ ጉዞው የቀረ ሳይሆን የተሻለ የተዘጋጀ መሰለው። ሦስተኛውም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ግዢ ወደ ሰሜን አንድ እርምጃ መስሎ ይታየው ነበር፤ ነገር ግን ከገንዘቡም ከሐሳቡም አንድ እርምጃ የሚሆን እየተቀነሰ ይሄድ ነበር። ለዕቃው በከፈለው 3,700 ዶላር ከዴንቨር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ በሄደ ነበር። ይህን ስነግረው እሱም አስቀድሞ አስቦት ኖሯል። «የአውሮፕላን ቲኬት እኮ 60 ከመቶ ቀንሶ አያውቅም» አለኝ። በሙሉ ዋጋ መግዛት ተሞኘሁ ማለት መሰለው።

ነገሩ በሙሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በስልኩ ላይ የድንኳኑ ጊዜ በሰከንድ ይቈጠር ነበር፤ የአባቱን ጉልበት የሚቈጥር ሰዓት ግን በማንኛውም ገጽ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ለድንኳኑ ቸኰለ፤ ለአባቱ ታገሠ። ድንኳን በየዓመቱ ይሠራል፤ ዛሬ ያመለጠው በሚመጣው የካቲት በሌላ ቀለም ይመለሳል። ቢዘገይበት የሚጐዳው ነገር ደግሞ «ጥቂት ቀረ» የሚል ጽሑፍ አልነበረበትም። ሽያጩ የሰረቀው ገንዘቡን አይደለም፤ ገንዘቡንማ ወዶ ሰጠ። የተሰረቀው ለየትኛው ነገር መቸኰል እንደሚገባ የሚለይበት ሚዛን ነው።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቱ ነጻ ሆኜ አይደለም። በዚያው ሌሊት ወዳጄ ወደ ሥራው ሲሄድ ሁለተኛ ስልኩን ትቶልኝ ነበርና፣ እንዲያው ለማየት ያህል ብዬ ገጹን ከፈትሁት። 200 ዶላር የነበረ የተራራ ጫማ በ70 ዶላር ወጥቶ 3 ደቂቃ ቀርቶታል። የእግሬ ልክ አልነበረም፤ በግማሽ ቍጥር ያንሳል። ቆዳ ይለጠጣል ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ ሦስት ደቂቃ ራስን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ነው። የተሸጠ አይመለስም የሚለውን በትንሽ ፊደል የተጻፈ ቃል ያየሁት በማግስቱ ነው። ጫማው ዛሬ በአዲስ አበባ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሥር ተቀምጧል። ለልጆቼ ስንት እንዳተረፍሁበት ነግሬአቸዋለሁ።

ባለፈው ጥር ወዳጄ በመጨረሻ መጣ። ሲሄድም ሲመለስም ቤቴ ዐደረ፤ የሚከተለውንም የነገረኝ ሲመለስ ነው። ደባርቅ ሲደርስ አባቱ ከደጃፉ በርጩማ ላይ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠው አገኛቸው። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በሰው ድጋፍ ሆኗል፤ ስለ ግጭ የተነሣ ነገር የለም። እሱ ግን ከሦስቱ ድንኳኖች አንዱን፣ የመጀመሪያውን፣ ተሸክሞ መጥቶ ነበርና በግቢው ውስጥ ተከለው። የጎረቤት ልጆች ተሰበሰቡ። ማታ አባቱን ደግፎ አስገባቸውና በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ አስተኛቸው። አባትዬው ከረጢቱን በእጃቸው እየዳበሱ፣ «ይህ ስልቻ ለእህል ነው ወይስ ለሰው?» ብለው ሣቁ። ብርዱ ግን አልገባም፤ ይህንንም አልደበቁትም።

«ስንት ገዛኸው?» አሉት።

«ዋጋው 450 ዶላር ነበር አባባ። እኔ በ180 ነው የገዛሁት። 270 አተረፍሁ» አላቸው።

«እሰየው» አሉ አባቱ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ሁለት መቶ ሰባውን የት አደረግኸው?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ ማስረዳት ጀመረ። ስለ ተሻረው ዋጋ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ደቂቃው ሁሉ በጨለማው ውስጥ ብዙ ተናገረ። መልስ ሲያጣ ፋኖሱን ወደ እሳቸው ቢያዞር፣ ሙቀቱ ተስማምቷቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።